የሰባት ቁጥር ትንፋሽ

እሑድ 2

ሰዓት ሠሪውን ዛሬ ቀበርነው። ካፊያው ሳያባራ ሄደን ካፊያው ሳያባራ ተመለስን። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ዳማ የተጫወትኩት ሰው ነው። ማን ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ የሚቆጥረው እሱ ነበር፤ አሁን ቁጥሩን ይዞት ሄደ።

ባለቤቱ አንድ ነገር ትደጋግማለች። "ውሃ ልቀዳ ወጥቼ፣ ወረፋው ረዝሞብኝ፣ ስመለስ ማሽኑ ዝም ብሏል። ሬዲዮውም ዝም ብሏል። ቤቱ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቀኝ።" ሴቶቹ አይዞሽ፣ ቀኑ ደርሶ ነው ይሏታል። ሳንባው ከደከመ ወዲህ ያለዚያ የኦክስጅን ማሽን መዋልም ማደርም አይችልም ነበር። ሁለት ዓመት ሳይታክት የሠራ ማሽን ቅዳሜ ዕለት ለገመ።

ስለ ሬዲዮው አልገባኝም። ሐዘንተኛ ብዙ ነገር ይላል።

ሰኞ 3

አዲስ ደብተር ነውና ለወጉ ያህል ሥራዬን ልጻፍ። የማኅበራችን ባትሪ ጠባቂ ነኝ። አርባ ሁለት ቤቶች ድርሻ አዋጥተን፣ በየጣራችን ያለው ፓነል ከፀሐይ የሚሰበስበውን የሚያስቀምጥልን ባትሪ ገዛን። ባትሪው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች መስኮት አልባ ክፍል ውስጥ ነው፤ አሥራ ሁለት ግራጫ ሳጥን ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ፊት ለፊቱ የአርባ ሁለቱ ቤቶች ማብሪያ ማጥፊያ አለ። በእያንዳንዱ ላይ መርፌ ያላት ትንሽ ቆጣሪ፣ ከሥሯ በወረቀት በእጄ የጻፍኩት ቁጥር። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስለይ አንዲት ደብዳቤ ወደማይሆን ሣጥን ከትቼ አላውቅም። ሰፈሩ ጋሽ ፖስታ የሚለኝ ያለ ነገር አይደለም።

ቁጥሩን በዕጣ ነው የደለደልነው። ለሰዓት ሠሪው አሥራ አንድ ወጣ፣ እንቁላል በማሽን ለምትፈለፍለው ጎረቤቱ፣ የጫጩት እናት ለምንላት፣ ደግሞ ሰባት። እሱ በነጋታው መጥቶ "ሰባትን ለእኔ አድርጉልኝ፣ ሚስቴን መጀመሪያ ያየኋት በሰባት ሰዓት ነው" አለ። ሳቅን። እሷም ደስ ብሏት ተለዋወጠች። ሽቦ ከመነካካት ወረቀት ማዘዋወር ይቀላል ብዬ፣ የሁለቱን ወረቀት ልጬ ቦታ አቀያየርኩ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ባትሪው ከሃያ በመቶ በታች ሲወርድ በየተራ እናጠፋለን። ተራው በስብሰባ የጸደቀ ነው። መጀመሪያ የምትጠፋው አሥራ አንድ ናት፤ የመፈልፈያ ማሽን በብርድ ልብስ ከተሸፈነ ሙቀቱን ይይዛል ብላ የጫጩት እናት ራሷ ተስማማች። ሰባት ግን፣ ሁሉም ቢጠፋ፣ አትጠፋም። ይህንን ያለእጅ ማውጣት፣ በጭብጨባ ነው ያጸደቅነው።

ቅዳሜ ፀሐይ ሳናይ አራተኛ ቀናችን ነበር። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ አሥራ ዘጠኝ በመቶ ደረሰ። ማኅበሩ ከተቋቋመ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠፋሁ፦ አሥራ አንድን። አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ሲገለጥ መልሼ አበራሁ። እንደ ደንቡ ነው የሠራሁት። ያ ሁሉ የሰባት ቁጥር ማሽን እንዳይቋረጥ ነበር። ይኸው አልተቋረጠም፤ ሰውየው ግን ሞተ።

ሐሙስ 6

የጫጩት እናት መንገድ ላይ ያዘችኝ። ስምንት እንቁላል በሻሽ ጠቅልላለች።

"ጋሽ ፖስታ፣ ቅዳሜ ይጠፋብሻል ብለውኝ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያጠፉብኝ ዋሉ። አዘኑልኝ አይደል?"

ስድስት ሰዓት ሙሉ እንዳጠፋሁት ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ማሽኑ ሙቀቱን ይዞ ይሆናል፤ እሷም ልብ አላለችም። ምስጋና የሚመልስ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም። እንቁላሉን ተቀበልኩ።

እህቴ እንቁላሉን እየቆጠረች "ምን ሠርተህላት ነው?" አለችኝ። ከባሏ ሞት ወዲህ አብራኝ የምትኖረው እህቴ ጥያቄዋ ሁሌ እንዲህ ነው።

ሰኞ 10

የሰዓት ሠሪው ባለቤት ወደ ልጇ ሄደች። ልጇ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሐኪም ተኚ ብሏታል። ከመሄዷ በፊት ቤቱን አዞረችኝ። ሁሉን ነገር ከሶኬት ነቅላለች። የኦክስጅን ማሽኑን ጠጋኝ ወስዶታል። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዓቶች አንድ በአንድ ሞላቻቸው፤ "እሱ ሰኞ ሰኞ ነበር የሚሞላቸው" አለች። ቁልፉን መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን በእጇ ጨፈነችልኝ።

"አንተ እያለህ አልሰጋም፣ ወንድሜ።"

ረቡዕ 12

ሰባት ቁጥር መብራት ትበላለች።

ጠዋት ነው ያየሁት። መርፌዋ ትነሳለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ትወርዳለች። ደግሞ ትነሳለች። የተኛ ሰው ደረት እንዲህ ነው የሚነሳው። ወንበር ስቤ ፊቷ ተቀመጥኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ አልተሳሳተችም።

ቁልፉን ይዤ ሄድኩ። በሩን ስከፍት የዘጠኝ ግድግዳ ሰዓቶች ምት ተቀበለኝ፤ የቀሩት አምስቱ ቆመዋል። ሶኬቶቹ ባዶ ናቸው። አልጋው ተነጥፏል። እጄን ግድግዳው ላይ አደረግኩ፣ ይቀዘቅዛል። የሚበላ ነገር የለም። ወደ ባትሪው ክፍል ስመለስ ሰባት ቁጥር አሁንም ትተነፍሳለች።

አሥራ አንድ ደግሞ ዝም ብላለች። መርፌዋ ከዜሮ አልተላቀቀችም። ብርጭቆዋን በጥፍሬ መታ መታ አደረግኳት። ምንም።

ዓርብ 14

እንደዚያው። ሰባት ትተነፍሳለች። አሥራ አንድ ዝም።

ለእህቴ መንገር አልነበረብኝም። "እሱ ቢሆንስ?" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋርጣ መጋረጃውን ዘጋች።

ማክሰኞ 18

ጠጋኙን አገኘሁት። ማሽኑን ፈትቶ ገጥሞ ሦስት ቀን ሙሉ አሠርቶታል። "እንከን የለውም። እኔን ቢጠይቁኝ ያኔም እንከን አልነበረውም። አብሮት ያለችው የመጠባበቂያ ባትሪ ብቻ ነች የደከመችው፣ ለዚህ ነው የማስጠንቀቂያ ደወሉ ሳይጮህ የቀረው።"

ታዲያ ለምን ቆመ? አልኩት።

"መብራት ጠፍቶ ነዋ" አለኝ።

ሰባት ቁጥር እንዳልጠፋች አስረዳሁት። በትዕግሥት ነው ያስረዳሁት። እሱ ግን የታመምኩ ይመስል ፊቴን ያያል። እነዚህ ልጆች መስማት አይወዱም።

ከሰዓት ሠሪው ሰዓቶች የሚሠሩት ሦስት ቀርተዋል።

ሐሙስ 20

የጫጩት እናት ቤት ከመቶ ሃያ እንቁላል መቶ አሥራ አንዱ ተፈለፈለ። እንዲህ ሆኖላት አያውቅም። እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ ማሽኑ መስታወት አለው፣ ውስጡ ያለች ቀይ መብራት ትበራለች፣ ትንሽ ትቆያለች፣ ትጠፋለች። ሙቀቱ ሲበቃው እንደሚያርፍ፣ ሲቀዘቅዝ እንደሚቀጥል ነገረችኝ። ቆሜ አየኋት። አላውቅም ለምን ያህል ጊዜ።

"ጋሽ ፖስታ፣ ደህና ነዎት? ቁጭ ይበሉ እንጂ።"

መዝገቡ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ቆጣሪው ተበላሽቷል።

እሑድ 23

ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበራችን፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ክረምቱን ሳንቆራረጥ እንድናልፍ ሁለተኛ ባትሪ እንግዛ ብሎ ሲያስረዳ ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል። እውነቱን ነው፤ ያን ቅዳሜ የሆነው መልሶ እንዳይሆን ነው የሚለፋው። ሰው ግን ጆሮው ሌላ ቦታ ነው። እህቴ ዳቦ ሰልፍ ላይ ያወራችው ሰፈሩን አዳርሶታል። ከኋላዬ አንዷ "ሙት በሚበላው ባትሪ ላይ ሁለተኛ ድርሻ አልጨምርም" ስትል ሰማሁ። ማንም አልሳቀም።

ሊቀመንበሩ ሲያበቃ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "ሰባትን ያጥፏትና ወሬውም አብሮ ይጥፋ።"

"ባለቤቱ ትምጣ" አልኩት። "ሳትኖር የሟች ቤት አላጨልምም።"

"ቤቱ እኮ ባዶ ነው፣ ጋሽ ፖስታ። ማን ይጨልምበታል?"

ለሟች ክብር ነው ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሐሙስ 27

ሽቦውን የዘረጋልን ኤሌክትሪሻን ወደ ሌላ ከተማ ከሄደ ዓመት ሊሞላው ነው። ሊቀመንበሩ ስልኩን ፈልጎ አገኘልኝ። ስለ አሥራ አንድ ቆጣሪ ልጠይቀው ደወልኩ። ስለ ሰዓት ሠሪው ስነግረው ብዙ አዘነ።

"እንዴት ያለ ሰው ነበሩ መሰለዎት። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን መጥተው፣ ሰባትና አሥራ አንድን ተለዋውጠናል፣ ጋሽ ፖስታን በዚህ ዝናብ ማስቸገር አልፈልግም፣ አንተው አስተካክልልኝ አሉኝ። ከቦርዱ ጀርባ የሁለቱን ሽቦ አቀያየርኩላቸው። ወረቀቱን አልነካሁም፣ ልክ ሆኖ ተለጥፎ ነበር።"

አመሰገንኩት። ልጆቹ ደህና እንደሆኑ ጠየቅኩት። ደህና ናቸው።

የኛ ጣራ በማዕድ ቤቱ በኩል ያፈሳል። ሁለት ላሜራና ሚስማር መግዛት።

ቅዳሜ 29

የሰዓት ሠሪው ቤት አንድ ሰዓት ብቻ ቀርቷል። ያም የማይሞላ ስለሆነ ነው፣ ባለ ባትሪ ነው። ባዶ ቤት ውስጥ እንዴት ይጮሃል።

ከዚያ ወደ ባትሪው ክፍል። ጣቴን ሰባት ላይ አደረግኩ። ማጥፋት ቀላል ነው፣ ወደ ታች መጫን ነው። አልተጫንኩም። እንቁላሎቹ ይቀዘቅዛሉ ብዬ አሰብኩ። ሰባት ቁጥር ላይ ቆሜ ለምን እንቁላል እንዳሰብኩ አልጽፍም።

እሑድ 30

ምግብ አልበላ አለኝ። እህቴ ግንባሬን ዳሰሰች። "ትኩሳት የለህም። የደበቅከው ነገር አለ?"

ሰኞ 1

ማጣበቂያ ገዝቼ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ሁለቱን ወረቀት ማቀያየር አምስት ደቂቃ ነው። ያኔም አምስት ደቂቃ ነበር። ማንም አያይም፣ ማንም አይጠይቅም፣ መርፌዎቹም ወደ ባለቤቶቻቸው ይመለሳሉ። ወረቀቱ ላይ ጥፍሬን አስገባሁና ጠርዙን ገለጥ አደረግኩ።

እዚያው ላይ እጄ ቆመ። ወረቀቱን ካነሳሁት ጥፋቴን አምኜ ፈረምኩ ማለት ነው። መልሼ በአውራ ጣቴ ለጠፍኩት።

ረቡዕ 3

ተመለሰች። ብቻዋን አይደለም፤ ልጇና ቀኑ ሳይሞላ የተወለደ የልጅ ልጇ አብረዋት ናቸው። ሕፃኑ አንድ ክንድ አይሞላም። ሐኪሙ ወር ያህል ኦክስጅን ያስፈልገዋል ብሎ ሸኝቷቸዋል፤ ያው የአያቱ ማሽን ከጠጋኙ ዘንድ ተመለሰ። ለዚህ ነው ወደዚህ የመጡት። "የልጄ ሰፈር መብራት በየቀኑ ይሄዳል። እዚህ ሰባት ቁጥር አለን፣ አንተ አለህ" አለችኝ።

ማሽኑን ሶኬት ላይ ሲሰኩት በር ላይ ነበርኩ። ሮጬ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሮጬ፣ ወደ ባትሪው ክፍል ገባሁ።

አሥራ አንድ ቁጥር ከዜሮ ተነስታለች።

ሐሙስ 4

ሊቀመንበሩ ደስ ብሎታል። "የአሥራ አንድ ቆጣሪ ራሱን ጠገነ! ሰባትም ይኸው ሰው ገባበት፣ ወሬው አበቃ።" ሁለቱም መርፌዎች ይሠራሉ። ሁሉም ነገር በቦታው ይመስላል። ሊመስል ይችላል።

ማክሰኞ 9

ደመና።

ሐሙስ 11

ደመና። አርባ አንድ በመቶ። ሕፃኑ ሲያለቅስ እንደ ድመት ግልገል ነው። እናቱ ስሙን ገና አላወጣችለትም፣ ልቤ ሲረጋ አለች።

ዓርብ 12

ሃያ ስምንት። መናገር አለብኝ። ነገ ጠዋት እናገራለሁ። ዛሬ አያቱ ፊት ቆሜ ስለ ዝናቡ አወራሁ፤ ስለ ዝናቡ!

ቅዳሜ 13



አራት ሰዓት ላይ ከሃያ በመቶ በታች ወረደ። ሊቀመንበሩ ዱቄት የነካ ልብሱን ሳይቀይር መጣ። ተራውን ከግድግዳው ላይ አነበበ። "መጀመሪያ አሥራ አንድ" አለና እጁን ሰደደ።

እጁን ያዝኩት። አጥብቄ ይዤው መሆን አለበት፣ "ኧረ ያምዎታል እንዴ" አለኝ። በሌላው እጄ ሰባትን ተጫንኩ።

ፊቱ ነጣ። "ሕፃኑን! ጋሽ ፖስታ፣ ሕፃኑን እኮ ነው ያጠፉት!"

"ሂድና እይ" አልኩት።

ሮጠ። ብቻዬን ቀረሁ። ሰባት ቁጥር ተኝታለች። ያን ያህል ሳምንት ስትተነፍስ ያየኋት መርፌ እንዲህ ስትጋደም ሌላ ሰው የሞተ ያህል ደነገጥኩ። ከጎኗ አሥራ አንድ አልተንቀሳቀሰችም፣ ቀጥ ብላ ትሠራለች።

በሩን ገፍታ የገባችው ግን የጫጩት እናት ናት። "ማሽኔ ጠፋ! ምነው ሳይነግሩኝ? ብርድ ልብስ እንኳ አላለበስኩትም።" ይቅርታ ጠይቄ ሂጂ አልብሺው አልኳት። ሊቀመንበሩ ከኋላዋ ደርሷል። እሷ እስክትርቅ ጠበቀ። የሚተነፍሰው እየቆራረጠ ነው፣ ከሩጫው ይሁን ከሌላ አላውቅም።

"የሕፃኑ ማሽን ይሠራል" አለ። ቦርዱን አየ። ሰባትን አየ፣ አሥራ አንድን አየ፣ ጥፍሬ የገለጠውን የወረቀት ጠርዝ አየ። ዳቦ ጋጋሪ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም።

"ያን ቅዳሜ የቱን ነበር ያጠፉት?"

"አሥራ አንድን።"

"ስንት ሰዓት?"

"ከአራት እስከ አሥር።"

ጥግ ያስቀመጠው የዱቄት ከረጢት ላይ ቁጭ አለ። ሳጥኖቹ ያጉረመርማሉ። ኤሌክትሪሻኑ ያለኝን ነገርኩት። መቼ እንደነገረኝም ነገርኩት፤ እሱ ነው የባሰው። ሰዓት ሠሪው ወረቀቱን አስቀድሜ ማቀያየሬን ሳያውቅ፣ እኔን ላለማስቸገር ብሎ ነው እኮ። በዝናብ እንዳልወጣ ብሎ።

በመጨረሻ ወረቀቶቹን ልጦ፣ ማጣበቂያውን ከእጄ ወስዶ፣ ራሱ አቀያየራቸው። ከዚያ ፊቴን ሳያይ "ነገ ድምፅ ይሰጣል" አለ። "ይህ ከተሰማ ሁለተኛው ባትሪ አበቃለት። በሚቀጥለው ደመና ደግሞ ያ ሕፃን ነው ያለው። ቢያንስ እስከ ነገ ማታ ዝም ይበሉልኝ። ለእርስዎ ብዬ አይደለም።"

ለእኔ ብሎ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ አስጠላኝ።

እሑድ 14

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ድምፁ ተዘግቷል፤ አጭር ተናገረ። ሰው ያንገራግራል፣ የሰባት ቁጥር ነገር ገና ከአንጀታቸው አልወጣም። ያኔ የሰዓት ሠሪው ባለቤት ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ልጇ የአዳራሹ ሶኬት ላይ የተሰካውን ማሽን ይዛ ከኋላዋ፣ ብድግ አለች።

"ትናንት ሰማዩ እንዲያ ጨልሞ የኔ ቤት መብራት አንዴም ብልጭ ድርግም አላለም" አለች። "ይሄ ሰው ነው የጠበቀን። ባለቤቴንም እስከ መጨረሻዋ ሰዓት እንዲሁ ነው የጠበቀው። ቢሞትም በማሽኑ ነው፣ በእሱ አይደለም። ሙት መብራት በላ ለምትሉት፣ ባሌ የሰው ነገር በልቶ አያውቅም። እኔ ሁለተኛ ድርሻ እጨምራለሁ።"

እጇን አወጣች። ቀጥሎ የጫጩት እናት። ቀጥሎ ሁሉም። እህቴ ሳትቀር፣ ድምፅ በየቤቱ አንድ ቢሆንና የቤታችን የኔ ቢሆንም። ሊቀመንበሩ እጆቹን ሲቆጥር ወደ እኔ አልዞረም። የኔ እጅ ጭኔ ላይ ነበር፣ አልነሳ አለኝ። አርባ አንድ ድምፅ ተብሎ ተመዘገበ።

ሰው ሲወጣ ጠርታ ትከሻዬን ሳመችኝ። ሕፃኑን እቀፈው አለችኝ። አቀፍኩት። አፍንጫው ሥር ቀጭኗ ቱቦ አለች፣ ደረቱ ይነሳል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ይወርዳል።

አሁን ቤት ነኝ። ሰዓቶቹን ሁሉ ሞልታቸዋለች መሰለኝ፣ እዚህ ድረስ ይሰማኛል። ወይም አይሰማኝም።

ማታም አልፏል፣ ሊቀመንበሩ የጠየቀኝ እስከዚህ ነበር። ከፊቷ ቆሜ ብናገር ስለ ዝናቡ እንደማወራ አውቃለሁ። ስለዚህ ደብተሩን ዘጋሁና ሽፋኑ ላይ አድራሻ ጻፍኩ። ለሰዓት ሠሪው ባለቤት። ቁጥር አሥራ አንድ ብዬ ጻፍኩ፤ ትናንት መቀየሩን አስታውሼ ሰረዝኩና ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ላኪ በሚለው ቦታ ጋሽ ፖስታ ሳይሆን ስሜን ከነአባቴ ጻፍኩ። ከዚያ ይህችን ለመጨመር መልሼ ከፈትኩት።

ነገ ሕፃኑ ሲተኛ በእጄ አደርሰዋለሁ። ከደጄ እስከ ደጇ አርባ እርምጃ ነው።